ዝም ስንል የምትነቃው ሴት

ስልክ የደወልኩት እኔ ነኝ። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሌ ይዞ፣ በር ተንኳኩቶ ነው የሚነገረው። ይህን ከእናቴ ቤት ጀምሮ አውቀዋለሁ። ያን ቀን ግን አእምሮዬ ቦታው አልነበረም። ደልጊ ላለው ወንድሟ፣ መሸንቲ ላሉት ዘመዶቿ፣ አብረዋት ለሠሩት ሴቶች ሁሉ እንደ እብድ በየተራ ደወልኩ።

«እታለም ስመኝ አርፋለች» ስላቸው መጀመሪያ ድምፅ ይጠፋል። ከዚያ «የት?» ይሉኛል።

«ጣና ዳር። ለመስከረሙ ምሳ ወጥተን።»

«ወይኔ! ውኃ ወሰዳት?»

«አይደለም። ተኝታ ነው።»

«እናንተስ? እናንተ የት ሄዳችሁ ነበር?»

የትም አልሄድንም። አጠገቧ ነበርን። ክንዴን ብዘረጋ ነጠላዋን እነካው ነበር። እየተጎራረስን፣ ሆዳችንን ይዘን እየሳቅን ነበር። ይህን ለወንድሟ እንዴት አድርጌ ልንገረው? «አጠገቧ ነበርን» ብቻ ብዬ ዘጋሁት። ዛሬም ያን ስልክ ሳስታውስ ክው እላለሁ።

እዚህ ጣና ዳር ታላቅ እህት እታለም ትባላለች። ስመኝ ግን ለልጆችም፣ ለሽማግሌዎችም፣ ዳቦ ለሚሸጠውም እታለም ነበረች። እኔ ከአዳማ መጥቼ ከተማው ውስጥ በአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በኤሌክትሪክ ጥገና የተቀጠርኩ ሰው ነኝ። እሷ የሽመና ክፍል ሠራተኛ ነበረች። የሽመና ክፍልን ጩኸት ያልሰማ ሰው ጩኸት ሰማሁ አይበል። እዚያ ውስጥ ሰው ከሰው የሚነጋገረው በእጁና በቅንድቡ ነው።

በገባሁበት ሰሞን አንድ ማሽን ተበላሽቶ ተጠራሁ። የምሳ እረፍት ነበር። ጥግ ላይ፣ በተከመረ ጨርቅ ላይ፣ አንዲት ቀጭን ሴት ፊቷን በነጠላ ሸፍና ለጥ ብላለች። ማሽኖቹ ከራስጌዋ ይንጓጓሉ፤ እሷ ግን ከነመኖራቸውም የሰማች አትመስልም። «ይህችስ ጆሮ የላትም» ብዬ ለጥገናው የመስመሩን መብራት አጠፋሁ። ማሽኖቹ ፀጥ ከማለታቸው ሴትዮዋ ተስፈንጥራ ተነሳች።

«ምን ሆናችሁ? ማን ምን ሆነ?»

«ኧረ ምንም አልሆነም፤ ለጥገና ነው ያጠፋሁት።»

«ታዲያ ሰው ተኝቶ እያየህ እንዴት ታጠፋለህ?»

ሰው በጩኸት ሲቀሰቀስ እንጂ በዝምታ ሲቀሰቀስ አይቼ አላውቅም። ሳቄ አመለጠኝ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እርስዎን...» ስል አቋረጠችኝ።

«አንቱ አትበለኝ፤ እርጅናን ትጠራብኛለህ። እታለም በለኝ። ደግሞ ስማኝ፤ ማሽን ሲጮህ ደህና ነው። ዝም ያለ ማሽን ታሟል። ወይ ክር ተበጥሷል፣ ወይ የሰው እጅ ገብቷል። እኔ ስንቱን ዓመት ጆሮየን ለዝምታ ከፍቸ ነው የኖርሁ።»

በዚያው ሳምንት የምከራየው ቤት እንደምፈልግ ሰምታ ግቢዋ ውስጥ ካሉት ክፍሎች አንዱን ሰጠችኝ። ባሏ ቀደም ብሎ ሞቷል። አንዲት ልጇን እመቤትን ብቻዋን አሳድጋ ነርስ አድርጋታለች። እናትና ልጅ ሲጨቃጨቁ ውለው ማታ አንድ ትሪ ላይ ነው የሚገኙት። ከእነሱ ሌላ ከአጥሩ ማዶ መሪጌታ ነበሩ። ሐይቁ ላይ ካሉት ገዳማት በአንዱ ዜማ ያስተምሩ የነበሩ፣ እግራቸው ሲደክም ወደ ከተማ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። ዓሣ በጣም ይወዳሉ፤ መውደዳቸውንም አይደብቁም።

የመስከረሙ ምሳ የእታለም ነገር ነው። ቀኑ ከመስቀል በኋላ፣ የጽጌ ጾም ሳይገባ ያለው እሁድ ነው። የጽጌ ጾም የፈቃድ ጾም ቢሆንም እሷ አታልፈውም ነበርና፣ ምሳው ካለፈ አለፈ። ያን ጊዜ ዝናቡ ወጥቷል፤ ጭቃው ጠጥሯል። ሐይቁ ከየወንዙ በገባበት ጎርፍ እንደደፈረሰ ነው፤ ሞልቶ ዳሩ ላይ ከበቀለው ደንገል ሥር ይንቦጫረቃል። ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ ትልቅ ባምባ ዛፍ አለ። ምሳው እሱ ሥር ነው፤ ሌላ ቦታ ብንላት አትሰማም ነበር።

በመጀመሪያው ዓመት እኔ የከተሜ ነገር፣ ወንበርና ሳህን ተሸክሜ ሄድኩ። መሬት ላይ መቀመጥ አልወድም፤ ዝንብም አልወድም። እታለም ሳህኖቹን ከእጄ ተቀብላ አንድ በአንድ አየቻቸው።

«ቆንጆ ናቸው። በል ወስደህ እጠባቸው።»

«ኧረ ንጹሕ ናቸው።»

«ታዲያ ሳህን ያመጣ ሰው ማጠብ ሥራው አይደል? እኛ ከምንበላበት ላይ የሚታጠብ የለም።»

ሰፊ የኮባ ቅጠል ሣሩ ላይ ዘረጋች። ድፎ ዳቦው ከተጋገረበት ኮባ ተገልጦ በእጅ ተቆረሰ። እመቤት እሸት በቆሎ ፍም ላይ ታገላብጣለች። ዓሣ አጥማጆቹ ታንኳቸውን ዳር አስጠግተው ያወረዱት ቆሮሶ ዓሣ ሆዱ ተሰንጥቆ፣ በጨውና በሚጥሚጣ ታሽቶ ተጠበሰ። መሪጌታ ከዘጌ የመጣ ሎሚ ከቀሚሳቸው ኪስ እያወጡ ይጨምቁበታል። ሌላ ምንም የለም፤ ቃሪያና ጠላ ብቻ። እኔ ግን ሠርግ ቤት እንኳ እንደዚያ በልቼ አላውቅም። ወንበሬ ላይ የመሪጌታ ጥምጣም ብቻ ተቀምጦ ዋለ።

«ደጅ የበላ ሰው ቤቱ ሲገባ አያኮርፍም» ትል ነበር እታለም። እውነቷን ነው፤ እኔ አኩራፊ ነኝ፤ ያን እሁድ ማታ ግን ማኩረፍ ያቅተኛል።

ሁሉም ሲጠግብ እታለም ተነስታ ባምባው ሥር፣ ሥሩ ከመሬት ወጥቶ እንደ ትራስ በተቆለመመበት ቦታ ትጋደማለች። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ትስብና «እኔ ልተኛ፤ እናንተ ሳቁ» ትላለች። ጥብቅ ሕግ ነበራት፤ ከምሳው በኋላ የተኛን ሰው ማንም አይነካም፣ ማንም አይጠራም። ስንስቅ ትተኛለች። በጮህን ቁጥር እንቅልፏ ይጠናል።

ጨዋታውን ያመጣችው እመቤት ናት። እኔ ፋብሪካ ውስጥ መስመር ሳጠፋ የማደርገውን በእጄ ሳሳያት አይታ፣ አየር ላይ ጣቷን ቁልቁል ጫን ታደርጋለች። በዚያ ምልክት ሁላችንም ባንዴ ፀጥ እንላለን። እጃችን አፋችን ላይ፣ ዓይናችን ነጠላው ላይ። መጀመሪያ የእታለም የእግር ጣት ይንቀሳቀሳል። ቀጥሎ እጇ ሣሩን ይዳብሳል። ከዚያ ነጠላውን ገልጣ ብድግ፦

«ምን ሆናችሁ? ማን ምን ሆነ?»

እኛ በሳቅ እንፈርሳለን። እሷም «እናንት ሥራ ፈቶች!» ብላ መልሳ ትጋደማለች። ጡረታ ከወጣች በኋላ እንኳ ይህ ነገሯ አልለቀቃትም። እኔ አግብቼ ባለቤቴን ሰብለን ወደ ምሳው ያመጣኋት ጊዜ፣ ሰብለ ጨዋታውን አይታ ከሳቋ ብዛት ትን ብሏት ውኃ አጠጣናት።

አንድ መስከረም ላይ እንቅስቃሴ ተከልክሎ ከቤት መውጣት አልተቻለም። መንገዱ ጭር ብሎ፣ ሱቁ ተዘግቶ፣ ባጃጅ እንኳ አይሰማም ነበር። እታለም ኮባውን ከግቢያችን ፓፓያ ሥር ዘረጋችው። ቆሮሶም አልተገኘም፤ በቆሎና ቆሎ በላን። ተጋደመች፤ ግን ወዲያው ተነስታ ተቀመጠች።

«ከተማው እንዲህ ዝም ብሎ እንዴት ይተኛል? ሰው ሁሉ የታመመ መሰለኝ» አለች። ለእሷ ብለን በማያስቀውም እየሳቅን ጮኽን። ያን ቀን ግን አልተኛችም፤ በሩን ስታይ ዋለች።

የመጨረሻው ምሳ ላይ ምንም ምልክት አልነበረም። ስንት ጊዜ ወደኋላ ተመልሼ ፈለግሁ፤ የለም። እንዲያውም ቀድማን ደርሳ ፍሙን አያይዛ ነው የጠበቀችን። በቆሎዋን ግማሹን ትታ ለሰብለ ሰጠቻት። ከዚያ አንድ ቆሮሶ ይዛ አጥንቱን መልቀም ጀመረች። ለቅማ ለቅማ ሥጋውን በዳቦ ጠቅልላ ወደ ልጇ አፍ ዘረጋች።

«እማ፣ ሕፃን አይደለሁም እኮ!»

«አጥንቱን ለቅሜዋለሁ። ዋጥ አድርጊው።»

እመቤት ዓይኗን እያጉረጠረጠች ጎረሰች። እታለም እጇን ሣሩ ላይ ጠርጋ ተነሳች፤ ባምባው ሥር ተጋደመች፤ ነጠላዋን ሳበች።

«ሳቁ» አለች።

መሪጌታ ከቆሎ ተማሪነታቸው ዘመን አንድ ታሪክ አመጡ። በእንተ ስማ ለማርያም እያሉ ቁራሽ ሲለምኑ ከአንድ ቤት ደጅ ደርሰው፣ ድምፄ ይታወቅልኝ ብለው በዜማ ይለቁታል። የቤቱ ውሻም አብራቸው ታላዝናለች። እሳቸው ከፍ ሲያደርጉ ውሻዋም ከፍ ታደርጋለች። ባልቴቷ ቁራሹን ይዘው ወጡና፣ ሁለቱንም ጥቂት አዳምጠው፣ ቁራሹን ለውሻዋ ወረወሩላት። መሪጌታ የውሻዋን ዜማ ሲያሰሙን ዓሣ አጥማጆቹ ሳይቀሩ ዞረው አዩን። እኔ መሬት ላይ ተንከባለልኩ።

ያኔ እመቤት ጣቷን አየር ላይ ጫን አደረገች።

ፀጥ አልን። ውኃው ደንገሉን ሲመታ ይሰማል። የእግሯን ጣት እያየን ጠበቅን። አልተንቀሳቀሰም። መሪጌታ በሹክሹክታ «ዛሬስ ጠንክራለች» አሉ፤ ሰብለ አፏን በእጇ እንደያዘች ሳቅ አመለጣት። አሁንም ጠበቅን።

«እማ፣ መንቃትሽን አውቀናል፤ አታሹፊ» አለች እመቤት።

እኛ ደግሞ ሳቅን! ጨዋታውን ገልብጣ የተጫወተችብን መስሎን፣ ይኸው አሸነፈችን ብለን፣ አስከሬን ከበን ሳቅን።

እመቤት በጉልበቷ ሄዳ የእናቷን ውስጥ እግር ኮረኮረች። እጇ እዚያው ቀረ። ፊቷ ላይ የነበረው ሳቅ ሳይጠፋ ዓይኗ ብቻ ተለወጠ፤ እንዲህ ያለ ፊት አይቼ አላውቅም፣ እንዳላይም እለምናለሁ። ነጠላውን ገለጠች። ጣቶቿን የእናቷ አንገት ሥር አደረገች። ከዚያ ደረቷን መጫን ጀመረች። እየጫነች «ጩኹ! ምን ዝም ትላላችሁ፣ ጩኹ!» ትለን ነበር። ማናችንም ድምፅ ማውጣት አልቻልንም።

ሐኪሙ ልቧ በእንቅልፍ ላይ እንደቆመ፣ ሕመሙም እንዳልተሰማት ነገረን። ሰው ሁሉ «እንዴት ያለ የጽድቅ አሟሟት ነው» አለ። በልታ፣ አጉርሳ፣ በወዳጆቿ መሃል። እመቤት ግን ይህን መስማት አልፈለገችም። በሠልስቱ ድንኳኑ ውስጥ አጠገቧ ስቀመጥ፣ ሳታየኝ ጠየቀችኝ።

«መቼ ነው የሞተችው?»

«እሁድ ነዋ፣ እመቤት።»

«እሱን አልጠየቅሁህም። ስንስቅ ነው ወይስ ዝም ስንል?»

አሁን ዞራ አየችኝ።

«እኔ ነርስ ነኝ። የማላውቀውን ሰው ትንፋሽ ሌሊቱን ሙሉ ስቆጥር አድራለሁ። ዝም ያለ ማሽን ታሟል እያለች ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ የራሷን ዝምታ ግን አልሰማሁትም። በውሻ ዜማ ስስቅ ነበርሁ።»

ከዚያ ወዲህ እመቤት ሌላ ሰው ሆነች። የአርባውን ዝክር አስተናገደች፤ ራሷ ግን አልቀመሰችም። ቤት ውስጥ ቆማ፣ ድስቱ አጠገብ፣ ሁለት ሦስት ጉርሻ ለራሷ ትወረውራለች። ሰብለ ምግብ ይዛ ስትገባ «በልቻለሁ» ትላለች። ከእኛ ክፍል ሳቅ ከተሰማ መስኮቷ ጓ ብሎ ይዘጋል። እኛም በገዛ ቤታችን በሹክሹክታ መኖር ጀመርን። ሰብለ አንድ ቀን «ይህች ልጅ በቁሟ እየሄደችብን ነው፤ እታለም ብታይ ምን ትላለች?» ብላ አለቀሰች። እኔም ፈራሁ። እናቲቱን ቀበርን፤ ልጂቱ ደግሞ ሰው መሃል ተቀምጣ መብላትና መሳቅ ካስጠላት ምን ቀራት?

ዓመቱ ዞረ። ከመስቀል በኋላ ያለው እሁድ ሲመጣ እኔ ምሳው ይቅር ባይ ነበርኩ። መሪጌታ ተቆጡኝ።

«እንዴት ይቀራል? ሙት ዓመቷን ቤተ ክርስቲያን አስበናል። ምሳዋንስ ማን ያስብላት?»

የእመቤትን በር አንኳኩተው «ልጄ፣ ኮባው ተቆርጧል፤ ዓሣውም ታዟል» አሏት። ከውስጥ «እኔ ወደዚያ ቦታ እግሬን አላነሳም፣ መሪጌታ» አለች። አልጨቀጨቋትም።

ሦስታችን ሄድን። ባምባው እንዳለ ነው። ቅጠሉን ዘረጋን፤ ቆሮሶውን ጠበስን፤ ሎሚው ተጨመቀ። ግን ለቅሶ ቤት እንደሚበላ ሰው አንገታችንን ደፍተን ነበር። ማናችንም ወደዚያ ወደተቆለመመው ሥር አላየንም።

አንድ ባጃጅ መንገዱ ዳር ቆመ። እመቤት ወረደች። ጥቁሯን አውልቃ የእናቷን ነጠላ ለብሳለች፤ ያንኑ ነጠላ። ሰብለ እጄን ጭምድድ አድርጋ ያዘችው። እመቤት ሰላም እንኳ ሳትለን ቅጠሉ አጠገብ ተቀመጠች። አንድ ቆሮሶ አነሳች። አንገቷን ደፍታ አጥንቱን ለቀመች፤ ጊዜ ወስዳ፣ ደቃቁን ሳይቀር። በዳቦ ጠቅልላ ለመሪጌታ፣ ቀጥላ ለሰብለ፣ ቀጥላ ለእኔ አጎረሰችን። እኔ ጋ ስትደርስ «ለቅሜዋለሁ» አለችኝ። ዋጥ አደረግሁት። የመጨረሻውን ራሷ ጎረሰች።

ከዚያ ተነሳች። ቀጥ ብላ ወደ ባምባው ሄደች። እናቷ በተኛችበት ቦታ፣ በዚያው ሥር ላይ ራሷን አሳርፋ ተጋደመች። ነጠላውን ፊቷ ላይ ሳበችው።

ሰብለ «በስመ አብ» አለች። መሪጌታ መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ደርቀው ቀሩ። አንዳችንም አልተነፈስንም። ያው ውኃ፣ ያው ደንገል፣ ያው ነጠላ። እኔ የእግሯን ጣት እያየሁ ነበር፤ አልተንቀሳቀሰም። ልነሳ፣ ልነካት፣ ልቀስቅሳት ስል ከነጠላው ሥር ድምፅ መጣ።

«ምን ሆናችሁ? ማን ምን ሆነ?»

የእናቷ ድምፅ ነበር። ቃሉም፣ ቁጣውም የእሷው ነበር። ሰብለ እሪ ብላ አለቀሰች። እኔ ምን እንዳደረግሁ አላውቅም።

«መሪጌታ፣» አለች እመቤት ፊቷን ሳትገልጥ፣ አሁን በራሷ ድምፅ፣ «ያችን የውሻዋን ይንገሩ እንጂ። አልጨረስናትም እኮ። እናንተ ዝም ስትሉ መተኛት አልችልም።»

ሽማግሌው ጢማቸው በእንባ ርሶ ጀመሩት። ድምፃቸው ተቆራረጠ፤ ውሻዋ ላይ ሲደርሱ ግን ዜማው ራሱ አወጣቸው። መጀመሪያ ያመለጠው የሰብለ ሳቅ ነው፤ ከለቅሶዋ መሃል። ቀጥሎ የእኔ። እየሳቅን የነጠላውን ከፍ ዝቅ ማለት እናያለን፤ ሁላችንም ዓይናችንን ከዚያ አላነሳንም። ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። እመቤት ተኛች፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ያለ እንቅልፍ የተኛች አይመስለኝም።

መሪጌታ ታሪክ ሲያልቅባቸው እኔ ቀጠልኩ፤ እኔ ሲያልቅብኝ ሰብለ ተቀበለችኝ። በቆሎው በረደ፤ ፍሙ አመድ ሆነ። ፀሐይዋ ሐይቁ ላይ ወርዳ እመቤት ራሷ እስክትነሳ ድረስ፣ ከእኛ መሃል ዝም ያለ ሰው አልነበረም።